አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ፓርቲ፦ የቨርሞንትን የ2022 ምርጫ እንዴት እንረዳው?

ጥያቄ | አዲስ መራጭ

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ከቨርጂኒያ ወደ ቨርሞንት ክፍለ ግዛት፣ በርሊንግተን ከተማ ለሥራ ስለምዛወር፣ የምሄድበትን አካባቢ ፖለቲካ አስቀድሜ ለማወቅ ያለፉትን ምርጫዎች ውጤት እያነበብኩ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ግራ ያጋባኝ ኖቬምበር 8 ቀን 2022 የተካሄደው፣ በፕሬዚዳንቱ የሥልጣን ዘመን አጋማሽ ላይ የሚውለው የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ነው። በዚያ ቀን ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ፊል ስኮት ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ ዴሞክራቱ ፒተር ዌልች ከመራጩ የሁለት ሦስተኛውን ያህል ድምፅ ይዘው ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት (ሴኔት) አለፉ፤ ዴሞክራቷ ቤካ ባሊንትም ከአምስት መራጮች የሦስቱን ያህል ድምፅ አግኝተው የክፍለ ግዛቱን ብቸኛ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ወሰዱ። የስኮትንና የዌልችን ድርሻ ብንደምረው ከመቶ በብዙ ስለሚያልፍ፣ ቢያንስ ከሦስት መራጮች አንዱ ለሁለቱም ድምፅ ሰጥቷል ማለት ነው። የምኖርበት ቨርጂኒያ አገረ ገዥውን የሚመርጠው ከፕሬዚዳንቱም ከአጋማሽ ዘመኑም ምርጫ በተለየ ዓመት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ወረቀት ላይ አይቼ አላውቅም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ የሆነው ሕዝቡ ለፓርቲ ደንታ ስለሌለው ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ሁለተኛ፣ በቨርሞንት አገረ ገዥውን አንዳንድ ጊዜ ሕዝቡ ሳይሆን የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ይመርጠዋል የሚል ነገር አንብቤ ማመን አቅቶኛል። ጉዳዩን የምታውቁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ | የሐይቅ ዳር ነዋሪ

ጠያቂያችን፣ ወደ ሰሜኑ እንኳን ደህና መጡ። ሻምፕሌን ሐይቅ ዳር ከሠፈርኩ ዓመታት ስላለፉ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን እኔ ልሞክረው፤ ሁለተኛውን ሕግ ለሚያውቁ እተወዋለሁ።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ «የአጋማሽ ዘመን ምርጫ» የሚለው ስያሜ ቨርሞንት ውስጥ የሚሠራው ለፌዴራሉ መንግሥት ብቻ መሆኑን ነው። አገረ ገዥው፣ ምክትላቸው፣ የግምጃ ቤት ኃላፊው፣ ምርጫን የሚያስተዳድረው የክፍለ ግዛቱ ዋና ጸሐፊ፣ ዋናው ኦዲተርና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ከእነርሱም ጋር 150 የታችኛውና 30 የላይኛው ምክር ቤት አባላት፣ ሁሉም በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባሉ። በአሜሪካ የአገረ ገዥውን ዘመን በሁለት ዓመት የወሰኑት ቨርሞንትና ጎረቤቷ ኒው ሃምፕሻየር ብቻ ናቸው። ስለዚህ እዚህ አገረ ገዥ የሚመዘነው ፕሬዚዳንቱ ማን እንደሆነ በማየት ሳይሆን ባለፉት ሁለት ዓመታት በሠራው ነው። መራጩም ጉዳዩን የሚያየው የሥራ ውል እንደ ማደስ አድርጎ ነው፤ ሠራተኛው ካልበደለ ውሉ ይታደሳል።

እኛ በአገር ቤት በለመድነው የፓርላማ ሥርዓት፣ መራጩ ለምርጫ ክልሉ ተወካይ ድምፅ ሲሰጥ መንግሥት የሚመሠርተውን ፓርቲም አብሮ መምረጡ ነው። እዚህ ግን ሥልጣኖቹ የተለያዩ ስለሆኑ ለአንዱ የሰጡት ድምፅ ሌላውን አያስከትልም። በክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ በሞንትፔሊየር የሚቀመጠው አገረ ገዥ ስለ ትምህርት ቤት በጀትና ስለ መንገድ ይወስናል፤ ዋሽንግተን የሚላከው ሴናተር ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን ሹመት ያጸድቃል፣ ከሁሉ በላይ የምክር ቤቱን የበላይነት የትኛው ፓርቲ እንደሚይዝ ይወስናል። የቨርሞንት ሰው ይህን ልዩነት በተግባር ያውቀዋል። በ2001 ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 50 ለ50 በተከፈለበት ወቅት የክፍለ ግዛቱ ሪፐብሊካን ሴናተር ጂም ጄፎርድስ ፓርቲያቸውን ለቀው የግል ተመራጭ በመሆናቸው ብቻ የምክር ቤቱ ሥልጣን ወደ ዴሞክራቶች ተሻግሯል። በ2020ው ቆጠራ 643,077 ሕዝብ ብቻ የተቆጠረባት ክፍለ ግዛት አገሩን በሙሉ ማናወጥ እንደምትችል በዚያን ጊዜ ታይቷል።

ሰውየውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ፊል ስኮት የባሬ ከተማ ተወላጅ፣ የግንባታ ድርጅት ባለድርሻ የነበሩና ዛሬም ድረስ የመኪና እሽቅድምድም የሚወዳደሩ ሰው ናቸው። (ሞንትፔሊየር ሲሄዱ ከፖለቲካቸው ይልቅ ስለ እሽቅድምድማቸው የሚነግርዎት ሰው ቢበዛ አይገረሙ።) በ2018 ፌር ሄቨን በተባለ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ላይ ሊፈጸም ታስቧል የተባለ የተኩስ ጥቃት ከተደረሰበት በኋላ፣ ቀድሞ ይቃወሙት የነበረውን የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ በምክር ቤቱ ሕንፃ ደረጃዎች ላይ ቆመው፣ ገሚሱ ሕዝብ እየተቃወማቸው ፈርመዋል። በ2019 የፅንስ ማቋረጥ መብትን የሚያረጋግጠውን ሕግ ፈረሙ። በ2020 ለፕሬዚዳንትነት የመረጡት ጆ ባይደንን መሆኑን በይፋ ተናገሩ። በ2022 መራጩ የመራቢያ ነፃነትን በክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ለማስገባት በቀረበው ማሻሻያ ላይ ከአራት ሰው በሦስት ድጋፍ ሲወስን፣ አገረ ገዥው ከሕዝቡ ጋር እንጂ በተቃራኒው አልቆሙም። ስለዚህ ለስኮት ድምፅ የሰጠው ዴሞክራት አመለካከቱን ለወጠ ማለት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ስኮት ለምን እንዳሸነፉ ያስረዳ ይሆናል እንጂ ሌሎቹ ሪፐብሊካኖች ለምን ያን ያህል እንደተዋረዱ አያስረዳም። በእኔ አስተያየት የዚህ መልስ የሚገኘው በኖቬምበር ሳይሆን በኦገስት ነው።

ቨርሞንት ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም። ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት፣ በኦገስት ወር ሁለተኛው ማክሰኞ በሚካሄደው ቅድመ ምርጫ ለእያንዳንዱ መራጭ የዴሞክራት፣ የሪፐብሊካንና የፕሮግረሲቭ ፓርቲ ወረቀቶች በአንድነት ይሰጡታል፤ አንዱን ብቻ ሞልቶ ይጠቀማል፣ የቀሩትን ባዶውን ይመልሳል። በ2022 ከ1975 ጀምሮ ለ48 ዓመታት በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የቆዩት ፓትሪክ ሌሂ በጡረታ ለመውጣት በመወሰናቸው ትልቅ ወንበር ተከፍቶ ነበር፤ ዌልች ወደዚያ ሲወዳደሩ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤቱ ወንበር ተከፈተ። ብዙው መራጭ የዴሞክራቱን ወረቀት የመረጠው ባሊንት ከምክትል አገረ ገዥዋ ከሞሊ ግሬይ ጋር የሚያደርጉት ፉክክር እዚያ ስለነበረ ነው። የሪፐብሊካኑን ወረቀት የሞሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነዚያ ጥቂቶችም ለሴናተርነት አገረ ገዥው በይፋ የደገፏቸውን የቀድሞዋን የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ክሪስቲና ኖላንን ትተው የጦር ሠራዊት ጡረተኛውን ጄራልድ ማሎይን መረጡ። ለተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ሊያም ማደን አሸነፉ፤ እኚህ ሰው ቢመረጡ ከሪፐብሊካን አባላት ጋር እንደማይሰለፉ በግልጽ የተናገሩ በመሆናቸው ፓርቲው ራሱ አልደግፍም አላቸው። እንግዲህ በኖቬምበር ለስኮት ድምፅ የሰጠ ለዘብተኛ መራጭ ወደ ኮንግረስ ወንበሮቹ ሲመጣ የሚመርጠው ሪፐብሊካን አጣ። ሕዝቡ ሁለት ፓርቲ መረጠ ከማለት ይልቅ፣ በኦገስት የተካፈሉ ጥቂት ሰዎች የኖቬምበሩን ወረቀት ለሁለት ሰነጠቁት ማለት ይቀላል።

ምላሽ | ሕግ አንባቢ

ሁለተኛው ጥያቄ እውነትም የሚያስገርም ነው፤ ያነበቡት ግን ትክክል ነው። በቨርሞንት ሕገ መንግሥት መሠረት ለአገረ ገዥነት፣ ለምክትል አገረ ገዥነትና ለግምጃ ቤት ኃላፊነት የሚወዳደር ሰው ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት አለበት። ማንም ካላገኘ በጃንዋሪ ወር 180ዎቹ የምክር ቤት አባላት በአንድነት ተሰብስበው ከፍተኛ ድምፅ ካገኙት ሦስት ዕጩዎች አንዱን በምስጢር ድምፅ ይመርጣሉ። ሌሎቹ ሦስት የክፍለ ግዛት ሹመቶች ግን ብልጫ ላገኘ ሰው ይሰጣሉ። ወደ ዋሽንግተን የሚላኩ ተመራጮችንም ይህ ሥርዓት አይመለከታቸውም።

ይህ በመጽሐፍ የቀረ ሕግ እንዳይመስልዎት። በ2014ቱ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ዴሞክራቱ አገረ ገዥ ፒተር ሹምሊን 46.4 በመቶ፣ ሪፐብሊካኑ ስኮት ሚልን 45.1 በመቶ አገኙ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ከ2,500 ድምፅ ያነሰ ነበር፤ ቀሪውን ሌሎች ዕጩዎች ተካፈሉት። ሚልን ሽንፈታቸውን አልቀበልም ብለው ጉዳዩን ለምክር ቤቱ ተዉት። በጃንዋሪ 2015 ምክር ቤቱ 110 ለ69 በሆነ ድምፅ ሹምሊንን መረጠ። በዚያን ጊዜ አባላቱን ያስጨነቃቸው ጥያቄ፣ «በክፍለ ግዛቱ በሙሉ ብልጫ ያገኘውን ልምረጥ ወይስ የእኔ ወረዳ ሕዝብ የመረጠውን?» የሚል ነበር። ሕገ መንግሥቱ መልስ ስለማይሰጥ እያንዳንዱ አባል እንደ ኅሊናው ወሰነ፤ ድምፁም ምስጢር ስለነበረ ማን ምን እንዳደረገ አልታወቀም።

በ2010ም ሹምሊን ከግማሽ በታች በሆነ ድምፅ ስለመሩ ምርጫቸው እንዲሁ በምክር ቤት ጸድቋል፤ ተፎካካሪያቸው ብራያን ዱቢ ግን ሽንፈታቸውን ወዲያው ስለተቀበሉ ነገሩ ሥነ ሥርዓት ብቻ ነበር። በቅርቡም በ2024 ለምክትል አገረ ገዥነት ሪፐብሊካኑ ጆን ሮጀርስ የወቅቱን ምክትል ዴቪድ ዙከርማንን ቢበልጡም ግማሹን ስላላለፉ፣ ዴሞክራቶች የሚበዙበት ምክር ቤት በጃንዋሪ 2025 ሮጀርስን መርጧል። ምክር ቤቱ በአገረ ገዥነት የሕዝቡን ቀዳሚ ትቶ ሌላ ሰው የሾመው ለመጨረሻ ጊዜ በ1853 ሲሆን በምክትልነት ደግሞ በ1976 ነው። ልማዱ ከሕጉ በርትቶ ሥርዓቱን ይዞታል ማለት ይቻላል። እኔ ግን በልማድ ላይ የተንጠለጠለ ሕግ አልወድም፤ እንደ ሜይን በደረጃ (ዕጩዎችን በቅደም ተከተል በማስቀመጥ) ድምፅ የመስጠት ዘዴ ያዘች ወይም ሁለተኛ ዙር አደረገች፣ ይህ አንቀጽ መሻሻል አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ማሻሻል ደግሞ እንዲህ ቀላል አይደለም፦ የማሻሻያ ሐሳብ የሚመነጨው በየአራት ዓመቱ ብቻ ነው፤ በሁለት ተከታታይ ምርጫዎች በተመረጡ ምክር ቤቶች ከጸደቀ በኋላ ነው ለሕዝብ የሚቀርበው።

ምላሽ | የባሬ ሰው

የሐይቅ ዳሩ ወንድማችን ያቀረቡት ማብራሪያ ጥሩ ቢሆንም ለኦገስቱ ምርጫ የሰጡት ክብደት በዛብኝ፤ ለስኮት ስብዕናም እንዲሁ።

ይህ የወረቀት መሰንጠቅ ከስኮት በፊትም ነበረ። በ2006ቱ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ጂም ዳግላስ በሰፊ ልዩነት ተመረጡ፤ በዚያው ቀን በርኒ ሳንደርስ በግል ተወዳዳሪነት ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ ፒተር ዌልች ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። በዚያ ዓመት ዌልችን የተፎካከሩት ማርታ ሬንቪል የክፍለ ግዛቱ ብሔራዊ ዘብ የቀድሞ አዛዥ፣ የተከበሩና ለዘብተኛ ሪፐብሊካን ነበሩ። ዕጩዋ ደካማ አልነበሩም፤ ሆኖም ተሸነፉ።

እኔ የማየው ምክንያት ቀለል ያለ ነው፤ ቨርሞንት የምታውቀውን ሰው አታወርድም። በሥልጣን ላይ እያለ በምርጫ የተሸነፈ አገረ ገዥ ከ1962 ወዲህ የለም። በዚያ ዓመት ዴሞክራቱ ፊሊፕ ሆፍ ሪፐብሊካኑን ሬይ ካይዘርን ሲያሸንፉ፣ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ የመጀመሪያው ዴሞክራት አገረ ገዥ ሆኑ። ሌሂ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ጥቂት ሲቀረው ነው በፈቃዳቸው የወጡት። ዌልችም በ2022 አዲስ ሰው አልነበሩም፤ ለ16 ዓመታት ክፍለ ግዛቱን በሙሉ በብቸኛ ተወካይነት ሲያገለግሉ ቆይተዋል። ይህም የትንሽ ክፍለ ግዛት ጠባይ ነው፦ የተወካዮች ምክር ቤቱ ወንበር አንድ ስለሆነ ተወካዩን የሚመርጠው ያው ሴናተሩን የሚመርጠው ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ራሱን እንደገና ማስተዋወቅ አያስፈልገውም።

ደግሞ የ2022ቱ መራጭ ለስኮት ያን ሁሉ ድምፅ ሰጥቶ በእጃቸው ላይ ምን እንደጫነባቸው አንዘንጋ። በዚያው ቀን ለዴሞክራቶችና ለፕሮግረሲቮች በሁለቱም ምክር ቤቶች ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወንበር ሰጣቸው፤ ይህም አገረ ገዥው አልፈርምም ያሉትን ሕግ ያለ እርሳቸው ፈቃድ ለማጽደቅ የሚያስችል ቁጥር ነው። በ2023 በጀቱን፣ በ2024 ደግሞ የንብረት ግብርን የሚወስነውን ሕግ በዚሁ መንገድ አሳለፉት። የቤት ባለቤቶች የግብር ደረሰኛቸውን ሲያዩ ነገሩ ተለወጠ፤ በኖቬምበር 2024 ሪፐብሊካኖች በሁለቱም ምክር ቤቶች ብዙ ወንበር ጨምረው ያንን ሁለት ሦስተኛ ሰበሩት። እኔ ባለሁበት፣ ቨርሞንት ውስጥ ባለው በዋሽንግተን አውራጃ ሰዎች ስለ ፓርቲ ሲያወሩ ብዙም አልሰማም፤ ስለ ትምህርት ቤት ግብር ሲያወሩ ግን ሌሊቱ አይበቃም። ስለዚህ «ለፓርቲ ደንታ የለውም» ከማለት «ማንንም ብቻውን አያምንም» ማለት የሚሻል ይመስለኛል።

ምላሽ | የሐይቅ ዳር ነዋሪ

የ2006ቱን ምሳሌ ማንሳትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን አብረን እንየው። ሬንቪል የተሸነፉት 45 በመቶ ያህል ድምፅ ይዘው ነው። በ2022 ማሎይም ማደንም 30 በመቶ እንኳ አልሞሉም። የሚታወቅ ሰው ማሸነፉን አልክድም፤ ዌልች ኖላንንም ያሸንፏቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ባሊንትን በተመለከተ ግን «የምታውቀውን ሰው አታወርድም» የሚለው አይሠራም። እርሳቸው የላይኛው ምክር ቤት መሪ ነበሩ እንጂ በክፍለ ግዛቱ በሙሉ ለምርጫ ቀርበው አያውቁም ነበር። ሴትን ወደ አሜሪካ ኮንግረስ በመላክ ከሃምሳዎቹ ክፍለ ግዛቶች የመጨረሻዋ የሆነችው ቨርሞንት ይህን ታሪኳን የለወጠችው በሰፊ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ የሰፋውም በሌላው ወገን የቀረበው ሰው ፓርቲ አልባ ስለነበረ ነው። በ45 እና በ30 መካከል ያለው ክፍተት የኦገስት ዋጋ ነው፤ ከዚያ በላይ አልልም።

ስለ ግብሩ የተናገሩትን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የታችኛው ምክር ቤት አንድ አባል በአማካይ ከ4,300 ለማይበልጥ ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ገበያ ሲወጣ ደረሰኙን የሚያሳየው ሰው አያጣም።

ተጨማሪ ጥያቄ | አዲስ መራጭ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅኩት በላይ ተምሬአለሁ። ክርክራችሁን እንደማትጨርሱት ስለገባኝ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። እኔ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቻለሁ፤ ባለቤቴ ግን ገና ግሪን ካርድ ላይ ናት። በርሊንግተን ውስጥ ዜጋ ያልሆነም ሰው ድምፅ ይሰጣል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? የምዝገባው ሁኔታስ እንዴት ነው?

ምላሽ | ሕግ አንባቢ

ይህን በጥንቃቄ ያንብቡልኝ፤ ወገኖቻችን በዚህ ጉዳይ ሲሳሳቱ የሚከፍሉት ዋጋ ከባድ ነው።

እውነት ነው፤ ግን ለከተማ ጉዳይ ብቻ ነው። ሞንትፔሊየርና ዊኑስኪ በ2021፣ በርሊንግተን ደግሞ በ2023 ሕጋዊ ነዋሪ የሆኑ የውጭ ዜጎች በከተማ ምርጫ እንዲሳተፉ የሚፈቅድ የቻርተር (የከተማ መተዳደሪያ ሕግ) ማሻሻያ አግኝተዋል። አገረ ገዥው ባይስማሙበትም ምክር ቤቱ ውሳኔያቸውን ሽሮ አጽድቆታል። የከተማ ምርጫ በአብዛኛው የሚካሄደው በማርች ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ የከተማ ስብሰባ ቀን በሚባለው ዕለት ነው። ባለቤትዎ በዚህ ልትሳተፍ ትችላለች፤ ለዚህም የከተማው ጸሐፊ ቢሮ የሚይዘው የተለየ መዝገብ አለ። ከዚህ ውጭ ባለው በየትኛውም ምርጫ፣ ማለትም ለአገረ ገዥም፣ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤትም፣ ለኮንግረስም ሆነ ለፕሬዚዳንት ድምፅ መስጠት አትችልም። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፤ ዜጋ ነኝ ብሎ መመዝገብ ደግሞ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ራሱ ተመዝግበው ወይም መርጠው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ የመራጭነት ምዝገባ ጥያቄ ቢቀርብላት ዜጋ አለመሆኗን በግልጽ ትመልስ፤ ወደ ከተማው ጸሐፊ ስትሄድም የምትፈልገው የዜጎቹን ሳይሆን የከተማውን መዝገብ መሆኑን አስቀድማ ትናገር።

እርስዎን በተመለከተ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ቨርሞንት በምርጫው ዕለት እንኳ መመዝገብን ትፈቅዳለች። ለኖቬምበሩ አጠቃላይ ምርጫ ወረቀቱ ሳይጠይቁ በፖስታ እስከ መኖሪያ ቤትዎ ድረስ ይመጣል፤ ለኦገስቱ ቅድመ ምርጫ ግን በፖስታ ከፈለጉ መጠየቅ አለብዎት፤ የሐይቅ ዳሩ ወዳጃችን እንዳሉት ደግሞ ብዙ ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው። በፖስታ የመጣውን ወረቀት ሲመልሱ የሚቆጠረው የተላከበት ቀን ሳይሆን የደረሰበት ስለሆነ፣ በምርጫው ዕለት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ በጸሐፊው ወይም በምርጫ ጣቢያው እጅ መግባት አለበት፤ ቀኑ ከተቃረበ በፖስታ ከመላክ ይልቅ ራስዎ ቢያደርሱት ይመረጣል።

አንድ ነገር ብቻ ከቨርጂኒያ ለየት ይልብዎታል። እዚህ አዲስ መራጭ ሁሉ ሲመዘገብ የመራጭ ቃለ መሐላ ይፈጽማል፤ ቃሉ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያለ ነው። የክፍለ ግዛቱን ጉዳይ በሚመለከት ድምፁን ሲሰጥ ማንንም ሳይፈራና ለማንም ሳያዳላ፣ በኅሊናው ለቨርሞንት ይበጃል ብሎ የሚያምንበትን እንደሚያደርግ ይምላል። ዳኛ ፊት መቅረብ አያስፈልግም፤ ቅጹን ሲሞሉ ለራስዎ አንብበው መሐላ መፈጸምዎን የሚገልጸውን ቦታ ይፈርሙበታል።